ለብቻ አልዘፈን ያለ ዘፈን

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ የሁለት ድምፅ ቅብብል ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር የምሻገረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ 1983፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው። ኬኒ ሮጀርስ በዝናው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «ሉሲል» እና «ዘ ጋምብለር» በካንትሪው ዓለም አንግሠውታል። በ1980 ደግሞ ላዮኔል ሪቺ የጻፈለት «ሌዲ» በአሜሪካ አጠቃላይ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ላየን ሼር የሚባል የራሱ ስቱዲዮም አለው። አዲሱን አልበሙን ከሚያዘጋጁለት ሰዎች ዋናው ባሪ ጊብ ነው፤ አዎ፣ የቢ ጂሱ ባሪ ጊብ፣ በዲስኮ ዘመን ዓለምን ያስጨፈረው ሰው። ከወንድሞቹ ከሮቢንና ከሞሪስ ጋር ሆኖ ለአልበሙ ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዱ «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» ይባላል፤ ስሙን የተዋሱት ከኧርነስት ሄሚንግዌይ ልብ ወለድ ነው። ጠባዩ ከካንትሪ ይልቅ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዜማ ያደላል።

ሮጀርስ ዘፈኑን ለቀናት ደጋግሞ ዘፈነው፤ አልሆነም። ኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ደጋግሞ እንደተረከው፣ በመጨረሻ ለባሪ ጊብ «ይህን ዘፈን ከእንግዲህ አልወደውም» አለው። የባሪ መልስ አጭር ነበር፦ ዶሊ ፓርተን ታስፈልገናለች። የሮጀርስ ሥራ አስኪያጅ ኬን ክራገን ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ አይቷት ነበርና ሄዶ ጠራት። መጣች፤ ዘፈኑም ሌላ ዘፈን ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነቁት በአጋጣሚው ነው። እኔ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሮጀርስ በዚያ ዘመን የድምፅ እጥረት አልነበረበትም። አጃቢ ሴት ድምፃዊት ቢፈልግ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሰዓት ክፍያ የሚመጡ ምርጥ ባለሙያዎች ሞልተው ነበር። ከእነርሱ አንዷ ብትመጣ ዘፈኑ ያማረ አዝማች ይኖረው ነበር እንጂ የዛሬው ዘፈን አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ዘፈኑ የጎደለው መልስ ነበር። መልስ ደግሞ ክብደት የሚኖረው «አይ» ብሎ መሄድ ከሚችል ሰው ሲመጣ ነው። ዶሊ መሄድ ትችል ነበር፤ እንዲያውም ከእንዲህ ያለ ጥምረት ከዚህ በፊት ሄዳ ታውቃለች። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው፦ ሁለት ስመ ጥር ድምፃውያን ሲገናኙ የሚሰማው ውበት አንዳቸው ያለ ሌላው መኖር ከመቻላቸው የሚመጣ ስለመሆኑ።

ይህን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ካንትሪ ከተወለደ ጀምሮ የቤተሰብ ዘፈን ነው። በ1927 ክረምት ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ አሳታሚ ሠራተኛ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ ተቀምጦ የገጠር ዘፋኞችን ሲቀዳ፣ ከቀረቡለት መካከል የካርተር ቤተሰብ ነበር፤ ባል፣ ሚስትና የሚስት የአክስት ልጅ። ሣራ ትመራለች፣ ሜይቤል ጊታሩን ትይዛለች፣ ባልየው ኤ. ፒ. ካርተር ደግሞ ደስ ባለው ጊዜ በወፍራም ድምፁ ጣልቃ ይገባል፣ ደስ ካላለው ዝም ይላል። ከዚያ ወዲህ በካንትሪ ወንድና ሴት አብረው ሲዘፍኑ አድማጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይሆናሉ?» ብሎ ነው። ባልና ሚስት ናቸው? እህትና ወንድም? ወይስ ነገር አለ?

ይህን ጥያቄ እንደ ጆርጅ ጆንስና ታሚ ዊኔት የተጠቀመበት የለም። በ1969 ተጋቡ፤ ትዳራቸው ከሞላ ጎደል በሸክላ ላይ ተቀረጸ ማለት ይቻላል። በ1973 አብረን እንጸናለን የሚል ዘፈን አወጡ፤ አንደኛ ወጣ። በ1975 ተፋቱ። በ1976፣ ፍቺው ከጸደቀ በኋላ፣ «ጎልደን ሪንግ»ን አወጡ። ታሪኩ ቺካጎ ውስጥ ከመያዣ ሱቅ ስለተገዛ አንድ የቃል ኪዳን ቀለበት ነው፤ ጥንዶቹ ያገቡበታል፣ ይጣላሉ፣ ቀለበቱም ተመልሶ መያዣ ሱቅ ይገባል። እርሱም አንደኛ ወጣ። ሰው ሸክላውን የገዛው ለዘፈኑ ነው ወይስ የጎረቤት ጠብ ለማዳመጥ? ሁለቱም ይመስለኛል። ጆንስ በካንትሪ ታሪክ ከተሰሙት ድምፆች ሁሉ ታላቁ ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ከታሚ ጋር ሲዘፍን ድምፁን ብቻውን መስማት አይቻልም፤ ሐሜቱ አብሮ ይዘፍናል።

ኮንዌይ ትዊቲና ሎሬታ ሊን ሌላ መንገድ ያዙ። ሁለቱም የየራሳቸው ትዳር፣ የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ አብረው የሚዘፍኑት ግን በአመዛኙ ስለ ድብቅ ፍቅርና ስለ መለያየት ነበር፤ በግልጽ ትወና። ከ1971 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አምስት ዘፈኖቻቸው በካንትሪው ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። ከእነዚያ አንዱን ፈልጋችሁ ብትሰሙት ደስ ይለኛል፦ እርሷ ትዘፍናለች፣ እርሱ በስልክ ውስጥ ሆኖ ይናገራል። አይዘፍንም፤ ይናገራል ብቻ። የዚያን ያህል ዝነኛ ዘፋኝ በራሱ ሸክላ ላይ ሳይዘፍን መውጣቱ ትልቅ በራስ መተማመን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዶሊ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዶሊ ፓርተን በ1946 በቴነሲ ተራሮች ሥር፣ በሴቪየር አውራጃ ተወለደች፤ ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛዋ ናት። በ1964 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጨረሰች ማግስት ወደ ካንትሪ ሙዚቃ መዲና ወደ ናሽቪል ሄደች። በ1967 ፖርተር ዋጎነር የተባለ፣ በሚያብረቀርቅ ጥልፍ ልብሱ የሚታወቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ባለቤት ቀጠራት። ልብ አድርጉ፣ ቀጠራት ነው የምላችሁ። ከእርሷ በፊት በቦታው የነበረችውን ኖርማ ጂን ሕዝቡ ይወዳት ስለነበር፣ ዶሊ መጀመሪያ መድረክ ላይ ስትወጣ አንዳንዱ አድማጭ የቀድሞዋን ስም እየጠራ ይጮህባት ነበር። ዋጎነር አብሯት መዝፈን የጀመረው በከፊል ሕዝቡ እንዲቀበላት ነው፤ ዘዴውም ሠራ። ጥምረታቸው ተወዳጅ ሆነ፣ ተሸለመ፣ አልበም በአልበም ላይ ተደራረበ።

እነዚያን ቅጂዎች ስሙ። ንጹሕ ናቸው፤ ድምፆቹ እንደ ወንድምና እህት ይገጥማሉ። ግን ሁልጊዜ ማን ባለቤት፣ ማን ተቀጣሪ እንደሆነ ይሰማል። ዜማውን በአመዛኙ እርሱ ይመራል፣ እርሷ ከላይ ሆና ትከተላለች፤ የእርሷ ድምፅ ከእርሱ ድምፅ ሰፍቶ ሳለ እንዳይሰፋ ሲጠነቀቅ ጆሮ ይሰማዋል። እርሷ ራሷ የምትጽፋቸው ዘፈኖች እያደር ከዝግጅቱ በላይ ገዘፉ። «ጆሊን» በ1973 ወጣ። ከዋጎነር ለመለየት ስትወስን ግን ክርክር አልቻለችም፤ ሰውየው አያዳምጥም። ስለዚህ ቤቷ ገብታ የስንብት ዘፈን ጻፈችለትና በማግስቱ ፊቱ ቁጭ ብላ ዘፈነችለት። እርሷ እንደምትተርከው ዋጎነር አለቀሰ፤ ዘፈኑን እኔ ከቀዳሁልሽ ሂጂ አላት። ያ ዘፈን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው። በ1974 በካንትሪው አንደኛ ወጣ፤ በ1992 ደግሞ ዊትኒ ሂውስተን ለዓለም ሁሉ አደረሰችው። በርካታ ሰው የፍቅረኞች ዘፈን ይመስለዋል፤ በሠርግ ላይ ሲዘፈንም ሰምቻለሁ። ለሥራ አለቃ የቀረበ የመልቀቂያ ደብዳቤ መሆኑን ቢያውቁ ሙሽሮቹ ምን ይሉ ይሆን?

እንባው ግን ክስን አላስቀረም። በ1979 ዋጎነር ውል አፈረስሽ ብሎ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ጠየቃት፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ታረቁ። በ2007 እርሱ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው የናሽቪል የካንትሪ መድረክ ሃምሳ ዓመቱን ሲያከብር እዚያው ተገኝታ ያንኑ ዘፈን ዘፈነችለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ በ1983 ላየን ሼር ስቱዲዮ የገባችው ሴት ይህን ሁሉ ያለፈች ናት። የሆሊውድ ፊልም ሠርታለች፣ «ናይን ቱ ፋይቭ» በአጠቃላይ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶላታል። የዘፈኖቿን የባለቤትነት መብት ለማንም አትሰጥም፤ የኤልቪስ ፕሪስሊ ሥራ አስኪያጅ ግማሹን ስጪን ሲላት እንኳ አልቅሳ እምቢ ያለች ናት። ሰው ለምኗት እንጂ ቀጥሯት አብራው አትዘፍንም።

ሮጀርስም በበኩሉ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተፈጠረ ነበር። የሚንሾካሾክና ትንሽ የሻከረ ድምፅ አለው፤ ከመዝፈን ይልቅ ማውራት ይመስላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ለሌላ ሰው ቦታ ይተዋል። በ1978 ከዶቲ ዌስት ጋር የጀመረው ጥምረትም እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ነበር፦ የእርሷ የቀረጻ ሰዓት ተራዝሞ እርሱ ተራውን ሊይዝ ሲመጣ አብረው ሞከሩት። ዌስት በካንትሪ ግራሚ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ብትሆንም በዚያ ጊዜ ገበያዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጥምረቱ መልሶ አነሣት። ቀጥሎ ከኪም ካርንስ፣ ከዚያም ከስኮትላንዳዊቷ ሺና ኢስተን ጋር ዘፈነ። ሁሉም ተሳክተዋል። ግን በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ሮጀርስ ሁልጊዜ ጋባዥ ነው፣ ሴቶቹ እንግዳ ናቸው።

አንድ ደረቅ ግን ወሳኝ ነገር አለ፤ ውል። በዚያ ዘመን የአንድ አሳታሚ ድምፃዊ ከሌላ አሳታሚ ድምፃዊ ጋር ለመቅዳት ድርድሩ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ብዙ የታሰቡ ጥምረቶች የሞቱት በጠበቆች ጠረጴዛ ላይ ነው። ሮጀርስ በዚያው በ1983 አሳታሚውን ለቆ አር ሲ ኤ ወደተባለው አሳታሚ ገብቶ ነበር። ዶሊ ደግሞ ከዋጎነር ዘመን ጀምሮ የአር ሲ ኤ ናት። ሁለቱን የሚከለክል ወረቀት አልነበረም። ሙዚቃ በተመስጦ ብቻ ይሠራል ለሚሉ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ አነሣለሁ፤ አይወዱልኝም።

አሁን ዘፈኑ ውስጥ እንግባ። የሚጀምረው ሮጀርስ ነው፣ ብቻውን፣ ዝቅ ብሎ። የመጀመሪያውን ክፍል ሲጨርስ አዝማቹ ላይ ዶሊ ከላይ ትገባለች፤ ቀጭን፣ የሚርገበገብና ብርሃን ያለው ድምፅ ነው። እስከዚህ ድረስ በማንኛውም የቅብብል ዘፈን የሚሆነው ነው። ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የወንድና የሴት ቅብብል ጥንታዊ ችግር አለው፦ ለእርሱ የሚመች ከፍታ ለእርሷ አይመችም። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ሴቲቱ እንድትቸገር መተው ነው፤ ወይ በጣም ዝቅ ብላ ታጉረመርማለች፣ ወይ በጣም ወጥታ ትጮኻለች። ባሪ ጊብ ግን ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር የዘፈኑን ቁልፍ፣ ማለትም ዜማው የሚቆምበትን የድምፅ ከፍታ፣ ቀየረላት። ሙዚቃው መሬቱን ለውጦ እርሷ ወዳለችበት ይሄዳል። አዝማቹ ሲመለስም አድማጩ ተጋባዥዋ የቤቱ እመቤት መሆኗን ሳያውቀው ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚመራ መለየት ያስቸግራል፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ድምፆቹ እርስ በርስ ይሻማሉ። ከዋጎነር ቅጂዎች ጋር አነጻጽሩት፤ ያንኛው ሥርዓት ነው፣ ይህኛው ጨዋታ።

የካንትሪ አጥባቂዎች ዘፈኑን አልወደዱትም ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ቫዮሊኑ የታለ? የሚያለቅሰው ስቲል ጊታር የታለ? ጻፊዎቹ በማን ደሴት ተወልደው አውስትራሊያ ያደጉ እንግሊዛውያን፣ መቅጃው ካሊፎርኒያ። በ1998 ፕራስ የተባለው ራፐር አዝማቹን ወስዶ «ጌቶ ሱፐርስታር»ን ሲሠራበት ዜማው ያለ ምንም ጭንቀት ወደ ተፀነሰበት መንደር ተመልሷል። እኔ ግን ካንትሪነቱን የሰጠው መሣሪያው አይመስለኝም። ሁለት የደቡብ ሰዎች፣ አንዱ ከሂውስተን የድሆች መኖሪያ፣ አንዷ ከተራራ ጎጆ፣ ቃላቱን እንደ ቤታቸው ንግግር አድርገው ሲሉት ካንትሪ ሆነ።

ገበያው ፍርዱን ሰጠ። ጥቅምት 29 ቀን 1983 በቢልቦርድ አጠቃላይ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ በካንትሪውም አንደኛ ሆነ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሠራጨ። ከላይ ያወረደው፣ ለሮጀርስ «ሌዲ»ን የጻፈለት ራሱ ላዮኔል ሪቺ ነበር፣ በሌላ ዘፈን። በ2005 የካንትሪ ሙዚቃ ቴሌቪዥን ሲኤምቲ ባወጣው ዝርዝር ከካንትሪ የቅብብል ዘፈኖች ሁሉ የበላይ ተባለ።

ሐሜቱስ? እርግጥ ነው ነበረ። ዶሊ ከ1966 ጀምሮ፣ እርሱ በ2025 እስኪሞት ድረስ፣ ካርል ዲን የተባለ ካሜራ የሚሸሽ ሰው ሚስት ነበረች፤ ሮጀርስ በሕይወቱ አምስት ጊዜ አግብቷል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው በመካከላቸው ከወዳጅነት ያለፈ ነገር እንዳልነበረ ደጋግመው ተናግረዋል። አምናቸዋለሁ፤ ድምፃቸውም የሚለው ያንኑ ነው። እንደ ጆንስና ታሚ የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም፤ ሁለት ሰዎች ሲተዋወኑ እየሳቁ ነው።

ወደ እኛ አቆጣጠር የምሻገረው እዚህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሀገራችን በድርቅና በረሃብ ስትሰቃይ ድምፃዊው ሃሪ ቤላፎንቴ ስልክ ደውሎ ያማከረው ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን ኬን ክራገንን ነው፤ ዶሊን ሄዶ የጠራውን ያንኑ ሰው። ክራገን የሮጀርስም የሪቺም ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሪቺና ማይክል ጃክሰን «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ጻፉ፤ የዘፈኑ መነሻ ሙዚቃ የተቀዳው ደግሞ እዚያው ላየን ሼር፣ በሮጀርስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ድምፁ በኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ የተቀዳው በጥር 20 ሌሊት ነበር፤ እዚህ ጥምቀት በዋለ በዘጠነኛው ቀን ማለት ነው። ቀረጻውን የመራው ኩዊንሲ ጆንስ በሩ ላይ ኩራታችሁን እዚህ አስቀምጣችሁ ግቡ የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ሮጀርስ ከፖል ሳይመን ጎን ቆሞ ስንኙን ተቀባበለ። ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ ጥቂት ቃል እንጨምር ሲል ክርክር ተነሣ፤ የካንትሪው ዌይሎን ጄኒንግስም ጥሎ ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር ያሳሰበ ሰው መገኘቱ ደግ ነው። ስቲቪ የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት እዚያው ስቱዲዮ ገብተው ዘፋኞቹን አመስግነዋል፤ ብዙዎቹ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ዶሊ በዚያ ሌሊት አልነበረችም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1984 የገና አልበም አብረው ሠሩ፤ ተሸጠ። በ1985 «ሪል ላቭ» አንደኛ ወጣ። ጥሩ ዘፈን ነው፤ ግን በመጀመሪያው ቀመር ተሠርቶ ዳግመኛ የሞቀ ወጥ ይመስለኛል። ይልቅ የሚገርመው የ2013ቱ «ዩ ካንት ሜክ ኦልድ ፍሬንድስ» ነው። እርሱ ሰባ አምስት፣ እርሷ ስልሳ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የሮጀርስ ድምፅ ደክሟል፤ ያ ሻካራነቱ አሁን ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ድካም ሆኗል። ዶሊም ይህን አውቃ ድምፅዋን ታሳንሳለች። የዋጎነር ተቀጣሪ ሳለች ድምፅዋን ታሳንስ የነበረው ውሏ እንዲያ ስለሆነ ነው፤ አሁን ግን ማንም ሳያስገድዳት ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2017 በናሽቪል የሮጀርስ የስንብት ዝግጅት ላይ የ1983ቱንና የ2013ቱን ዘፈኖች ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ፤ ከዚያም እርሱን ቁጭ አድርጋ ለዋጎነር የጻፈችውን ዘፈን ለእርሱ ዘፈነችለት። ሮጀርስ መጋቢት 2020 በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ።

አሁን ሦስት ቅጂዎች እናዳምጣለን፤ አንድ ከዋጎነር ዘመን፣ ከዚያ የ1983ቱን፣ ከዚያ የ2013ቱን። በሁለተኛው ላይ ዶሊ ብቻዋን ስትጀምር ቁልፉ የሚቀየርበትን ቦታ ለመያዝ ሞክሩ፤ ቶሎ ስለሚያልፍ ካመለጣችሁ መልሼ አጫውተዋለሁ። በሦስተኛው ላይ ደግሞ የማትስማሙ ካላችሁ፣ ድምፅዋን አላሳነሰችም የምትሉ ካላችሁ፣ ክርክራችሁን ይዛችሁ ጠብቁኝ፤ ለጥያቄ ሰዓት አለን።